ከመረብ እስከ በይነ መረብ፦ ለሶፍትዌር መፈክር ስለ መምረጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። አራት ጓደኛሞች ሆነን ላለፈው አንድ ዓመት ተኩል ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት የሚያገለግል አነስተኛ ሶፍትዌር ስንሠራ ቆይተናል። ጠዋት ጀልባና ታንኳ ከሐይቁ ሲመለስ የእያንዳንዱ አስጋሪ ዓሣ ቀረሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ፣ ነጭ ዓሣው ለብቻ ሆኖ ይመዘናል። ኪሎው ስልክ ላይ ይመዘገብና በሳምንቱ መጨረሻ የየአባሉ ሒሳብ ተሠርቶ ይወጣል። ሶፍትዌሩ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ብቻ መረጃውን ወደ ማኅበሩ ኮምፒውተር ይልካል። ሐሳቡ የመጣልን የአንዱ ጓደኛችን አባት የማኅበር ጸሐፊ ስለነበሩና ደብተራቸውን ስላየን ነው። ገጹ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ፣ ቀለሙ በውሃ ፈሶ፣ 7 ይሁን 1 በማይለይ ቁጥር ሰዎች ሲከራከሩ ያረፍዱ ነበር። ኮዱን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የተሠራበትን የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርገን ለቀነዋል። አሁን መፈክር ያስፈልገዋል ተባብለን አራት ሐሳቦች ላይ ብንደርስም መስማማት አቃተን። የመጀመሪያው «የነገዋን ኢትዮጵያ በዲጂታል እንገንባ»፣ ሁለተኛው «ነጻ ሶፍትዌር ለነጻ ሕዝብ»፣ ሦስተኛው «ክፍት ምንጭ ለጣና»፣ አራተኛውና እኔ የምደግፈው «ከመረብ እስከ በይነ መረብ» የሚል ነው። በድምፅ እንወስን ብንል ሁለት ለሁለት ሆንን። የትኛውን ይመክሩናል? የእኛንም የሶፍትዌሩንም ስም አይጥቀሱብን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከአራቱም መፈክሮች ይልቅ የሶፍትዌሩን ጉዳይ አጥርቶ የሚናገረው ያ ቅርፊት የተጣበቀበት ደብተር ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን «መፈክር» የሚለውን ቃል ራሱን ልመልከት፤ አለመግባባታችሁ የሚጀምረው ከዚያ ይመስለኛልና። የ1966ቱን ለውጥና ተከትሎት የመጣውን ዘመን ላየ ሰው መፈክር ሲባል ወደ ጆሮው የሚመጣው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ነው፤ ቃሉም ከፉከራ ጋር ዘመድ ስለሆነ፣ መፈክር ልናወጣ ስንቀመጥ ሳይታወቀን ደረታችንን ነፍተን ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። በግእዝ ግን ፈከረ ማለት ተረጎመ፣ ፈታ ማለትም ነው፤ ሕልም ፈቺው መፈክረ ሕልም ይባላል። እኔ ለሶፍትዌር የምመርጠው መፈክር ይህኛው፣ ተርጓሚው ነው፤ ሶፍትዌሩን ገና ከፍቶ ላላየ ሰው ምን እንደሚሠራለት በአንድ ትንፋሽ ፈትቶ የሚነግረው ማለቴ ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ይዘውት የወጡት «መሬት ለአራሹ» በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በሁለት ቃል ምን እንደሚጠየቅና ለማን እንደሚጠየቅ ይናገራል፤ የሚቃወመው ሰው እንኳ የሚቃወመው ነገር ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

በዚህ ዓይን ሲታይ የመጀመሪያው ሐሳባችሁ ብዙ አያነጋግርም። «የነገዋን ኢትዮጵያ በዲጂታል እንገንባ» የሚለው ባንክ በር ላይም፣ ማሠልጠኛ ተቋም ግድግዳ ላይም፣ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥም ቢሰቀል ያምርበታል፤ ለሁሉም የሚሆን ስለሆነ ለእናንተ አይሆንም። እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት የነበርኩበት ቡድን ለጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሠርቶ «ሁሉም በአንድ» የሚል መፈክር ለጥፎበት ነበር። የመጀመሪያው ባለሱቅ ከፍቶ ካየው በኋላ የጠየቀን «ደረሰኙን በየት በኩል ነው የሚያትመው?» ብሎ ነው። ደረሰኝ አያትምም ነበር። ሰውየው ያን ቀን የሰጠን ፈገግታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

«ነጻ ሶፍትዌር ለነጻ ሕዝብ» የሚለው የቆየ ችግር ተሸክሟል፤ ችግሩ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጀምሮ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያስታውቅ «ፍሪ» ያለው ተጠቃሚው ኮዱን የማየት፣ የመለወጥና ለሌላው የማካፈል መብት እንዲኖረው ነበር፤ ሰሚው ግን «ያለ ክፍያ» ብሎ ተረዳው፤ የነጻነት ነው እንጂ የነጻ ቢራ አይደለም እየተባለ ሲብራራ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የኢንተርኔት መቃኛውን ኮድ እንደሚለቅ ካስታወቀ ብዙም ሳይቆይ፣ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ በተደረገ ውይይት ክሪስቲን ፒተርሰን «ኦፕን ሶርስ» (ክፍት ምንጭ) የሚለውን ስያሜ ያቀረበችው አንዱ ምክንያት ከዚህ ግርታ ለመውጣት ነው። እናንተ ዛሬ የምትከራከሩበት ዓይነት ክርክር ነው እንግዲህ ስያሜውን ራሱን የወለደው። የእኛው «ነጻ» ደግሞ ከእንግሊዝኛው በምንም አይሻልም። ነጻነት ስንል አንድ ነው፤ «በነጻ» ስንል ሌላ ነው፤ «ነጻ ሶፍትዌር» ሲባል ግን አስጋሪው የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። ወደብ ላይ በነጻ የሚታደል ነገር ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነው የላከው?» ብሎ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ።

«ክፍት ምንጭ ለጣና» የሚለውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ፕሮግራመሮች በየቀኑ ስለምንናገረው «ክፍት ምንጭ» ለእኛ ጆሮ የተለመደ ትርጉም ሆኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት እየዞረች ምንጭ መጎልበት እንዳለበት፣ ካልጎለበተ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ መጠጣት እንደሌለበት በምታስተምርበት ገጠር ግን፣ ክፍት ምንጭ ማለት ከብት የሚገባበት፣ ጎርፍ የሚወርድበት፣ ሆድ የሚያሳምም ውሃ ነው። ግሽ ዓባይ ከምንጭነቱ ጀምሮ ጸበል ሆኖ በሚከበርበት አገር ቃሉ ክብደት አለው፤ ክብደቱ ግን እናንተ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ አይስብም። የኮዱን ክፍትነት ኮዱን ለሚያነቡት ሰዎች በመግለጫው ላይ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉላቸው፤ «ኦፕን ሶርስ» ብላችሁ በፊደላችን ብትጽፉም ያው ነው፤ እነርሱ ይገባቸዋል። ዳር ላይ ቆሞ ዓሣውን የሚያስመዝነው ሰው ከመፈክሩ የሚፈልገው ይህን አይደለም።

እርስዎ የሚደግፉት አራተኛው ሐሳብ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑንም ይመሰክራል። ሰሙ የዓሣ መረብ፣ ወርቁ የኢንተርኔት መረብ ሆኖ አንድ ቃል ሁለቱን ይዟል፤ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ከሌላ ቋንቋ ተበድሮ አይገኝም። ቢሆንም ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው፣ ሶፍትዌራችሁ ትልቁ ብልጫው ያለ በይነ መረብ መሥራቱ ነው፤ መፈክሩ ግን ከበይነ መረብ ጋር ስለሚያስተሳስረው፣ ኔትወርክ በሌለበት ደሴት ወይም ወደብ ላይ ያለ የማኅበር ጸሐፊ ገና ሳይሞክረው «ለእኛ አይሆንም» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። በጣና ዙሪያ «መረብ» የሚለው ቃል ብቻውን አይመጣም፤ ሕገ ወጥ መረብ፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ፣ ዓሣው በሚራባበት ወቅት የሚጣል መረብ እየተባለ ክርክሩን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ስለ መረብ የሚያወራ ሶፍትዌር ስልኩ ላይ ሲጫንበት አስጋሪው «መረቤን ሊቆጥሩ ነው» ብሎ ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ቅኔው ያምራል፤ ቦታው ግን መፈክሩ ላይ አይደለም። ስለ ሶፍትዌሩ ጽሑፍ ስታዘጋጁ ርእስ አድርጉት፤ እኔም ለዚህ መልስ ርእስ አድርጌዋለሁ።

ታዲያ ምን ይሁን? ከመልሱ በፊት አንድ ምሳሌ ላንሣ፤ በዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ሁሉ የምወደው ነው። በቴዎ ደ ራድት መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራ ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፤ ዋና ጭንቀቱ ደኅንነት ነው። መፈክሩ ለዓመታት፣ ሥርዓቱ እንደመጣ ሲጫን ከሩቅ ሰርጎ የሚገባበት ቀዳዳ ሳይገኝበት አምስት ዓመት እንደሞላው የሚናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ቀዳዳ ተገኘ። ሰዎቹ መፈክሩን አልሸሸጉትም፤ ስድስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ብቻ መገኘቱን እንዲናገር አድርገው አረሙት። በ2007 ሌላ ሲገኝ «ሁለት ብቻ» ብለው ደግመው አረሙት። ፉከራ ቢሆን ኖሮ በ2002 ይሞት ነበር፤ ሊመረመር የሚችል እውነት ስለያዘ ግን ታርሞ ቆየ፤ እርማቱም ከመጀመሪያው ቃል የበለጠ ታማኝ አደረገው። ከዚህ ጋር ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. እና ፖስትግሬ ኤስ.ኪው.ኤል. የተባሉትን ሁለት የመረጃ ቋቶች ያስተያዩ፤ አንዱ በዓለም እጅግ ተወዳጁ ነኝ ይላል፣ ሌላው በዓለም እጅግ የረቀቅሁት ነኝ ይላል። ሁለቱም ትልልቅ ስለሆኑ ያምርባቸዋል፤ በአራት ወጣቶች የተሠራ ሶፍትዌር ግን «በዓለም» ብሎ ቢጀምር ሰሚ አያገኝም።

እንግዲህ ወደ ደብተሩ እንመለስ። ጭቅጭቁ ያለው በሚዛኑና በገጹ መካከል ነው። ዓሣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁሉም ያየዋል፤ ኪሎው በጮኸ ድምፅ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እርጥብ እጅ፣ የሚፈስ ቀለምና የማይለይ ቁጥር ይመጣና ቅዳሜ ላይ የሰው ድካም ይጎድላል። ሶፍትዌራችሁ የሚደፍነው ይህን ክፍተት ከሆነ፣ መፈክሩ ከሁለት ቃል በላይ አያስፈልገውም፦ «ተመዘነ፣ ተመዘገበ»።

ይህን ያቀረብሁባቸውን ምክንያቶች ልዘርዝር፤ እናንተም የተሻለ ብታገኙ በዚሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁና። ሁለቱ ግሶች «መዘ» በሚል ድምፅ ስለሚገናኙ ጆሮ ይይዛቸዋል፤ ሚዛኑ አጠገብ ያለው ሰው በጠዋት ጫጫታ መካከል ጮክ ብሎ ሊላቸው ይችላል። አንደኛው ድርጊት ሲፈጸም ሁለተኛው ወዲያው እንደሚከተል ያስረዳሉ። ኢንተርኔትንም ስልክንም ስለማይጠሩ መሣሪያው ነገ ቢቀየር መፈክሩ አያረጅም። ከሁሉም በላይ ሊመረመር የሚችል ቃል ነው፤ አንድ ቀን የተመዘነ ዓሣ ሳይመዘገብ ቢቀር አስጋሪው መፈክራችሁን ራሱን ይዞ መጥቶ ይጠይቃችኋል፤ ይህን ከፈራችሁ ደግሞ መፈክሩን ትታችሁ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን አጥብቁት።

በእንግሊዝኛ የማይታይ፣ እኛን ግን ሁልጊዜ የሚያስቸግር አንድ ነገርም አለ። የእንግሊዝኛ መፈክር በትእዛዝ አንቀጽ ሲነገር ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ አይለይም፤ በአማርኛ ግን «መዝግብ» ካልን ሴቷን ትተናታል፤ «መዝግቢ» ካልን ወንዱን ትተነዋል፤ «ይመዝግቡ» ስንል ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ጋር ይመሳሰላል። ባሕር ዳር ዓሣውን ተቀብለው ከሚያጸዱትና ከሚሸጡት መካከል ሴቶችም መኖራቸውን አትርሱ። ድርጊቱን በተደራጊ ግስ ስናስቀምጠው ማንንም ሳንጠራ ሁሉንም እንይዛለን።

ስለ ድምፅ አሰጣጡ፣ ሁለት ለሁለት መሆናችሁ መልካም አጋጣሚ ነው እላለሁ። ሦስት ለአንድ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የተሳሳተው ይጸድቅ ነበር። አራታችሁም ኮዱን ስለምታውቁ መፈክሩ ይገባችሁ እንደሆነ እርስ በርሳችሁ መጠያየቅ አይጠቅማችሁም። አንድ ጠዋት ወደ ወደቡ ወርዳችሁ ሶፍትዌሩን አይቶ ለማያውቅ አስጋሪ መፈክሩን ብቻ አንብቡለትና «ይህ ነገር ምን የሚሠራ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰውየው በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ጥያቄውን በአክብሮት አድርጉት፤ ዓሣቸው ሳይመዘን አታስቁሟቸው እንጂ መልስ አይነሷችሁም። ስለ ሚዛን ወይም ስለ ሒሳብ ከተናገሩ ተሳክቷል፤ ስለ ምርጫ ወይም ስለ ቴሌ ካርድ ከተናገሩ እንደገና አስቡበት። አምስት ስድስት ሰው ይበቃል።

አጻጻፉን በተመለከተ አንድ ጊዜ ወስናችሁ ሳትለዋውጡ ያዙት። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮምፒውተር «ሰ»ን እና «ሠ»ን፣ «አ»ን እና «ዐ»ን የሚያውቃቸው የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው። «ዓሣ» የሚለውን ቃል ብቻ ቢያንስ በአራት መንገድ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ አንዱን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ሌላኛውን ላያገኘው ይችላል። «ተመዘነ፣ ተመዘገበ» ላይ እንዲህ ያለ ሞክሼ ፊደል አለመኖሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጻፍሁት በኋላ ያየሁት ትርፍ ነው።

በመጨረሻም፣ ያልጠየቁኝ ነገር ቢሆንም፣ ኮዱን የለቀቃችሁበት ፈቃድ ስሙንና መፈክሩን አብሮ ይሰጣል ማለት እንዳልሆነ እወቁ። ኮዱ በቅጂ መብት ሕግ ሲጠበቅ ስምና ምልክት ግን በንግድ ምልክት ሕግ ይታያሉ፤ በአገራችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2006 ፋየርፎክስ የተባለውን የኢንተርኔት መቃኛ ኮድ እንደያዘ ስሙን ግን ለውጦ «አይስዊዝል» ያለው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነበር፤ ወደ ቀድሞው ስም የተመለሰው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ሥራን በቀጥታ የሚገልጽ መፈክር ለብቻው ለማስመዝገብ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ገንዘብ ካላችሁ የምታስመዘግቡት ስሙን ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔም በባሕር ዳር የምኖር ተማሪ ነኝ። ሌሎች የሠሯቸውን ክፍት ሶፍትዌሮች በፈቃደኝነት ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ቁልፎቹንና ማውጫዎቹን እንደምንም እወጣቸዋለሁ፤ መፈክሩ ላይ ስደርስ ግን የምጽፈው ሁሉ ለዛ ያጣብኛል። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ለዛ የሚያጣው በእርስዎ ድክመት አይደለም። ኤስ.ኪው.ላይት የተባለውን የመረጃ ቋት ይውሰዱ። መፈክሩ በአማርኛ ቃል በቃል «ትንሽ፣ ፈጣን፣ አስተማማኝ፤ የፈለጉትን ሦስት ይምረጡ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ፈገግ የሚለው፣ ከሦስት መልካም ነገሮች ሁለቱን ብቻ ምረጥ የሚል የቆየ የሙያ አባባል ስላላቸው ነው፤ አባባሉን የማያውቅ አንባቢ ግን ከሦስት ነገር ሦስት ምረጥ መባሉ ግራ ያጋባዋል። ለድረ ገጽ ሠሪዎች የሚያገለግለው ጄኩዌሪ «ትንሽ ጽፈህ ብዙ ሥራ» የሚል መልእክት ያለው መፈክር ሲኖረው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የጾታ ጉዳይ ይገጥምዎታል።

ስለዚህ መፈክሩን እንዳለ አይተርጉሙት። ይልቁንም በቦታው፣ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ በአንድ አጭር የአማርኛ ሐረግ ይጻፉ፤ ለኤስ.ኪው.ላይት ቢሆን እኔ «በአንድ ፋይል የሚቀመጥ የመረጃ ቋት» እል ነበር። ለፕሮጀክቱ ሰዎችም ይህን ማድረግዎንና ምክንያቱን በሁለት መስመር ጽፈው ያሳውቋቸው። አብዛኛውን ጊዜ ደስ ይላቸዋል፤ ካልፈቀዱ ደግሞ የእነርሱን እንግሊዝኛ ሳይነኩ ትተው ከሥሩ የእርስዎን ሐረግ በትንሽ ፊደል ያስገቡት።